ከኮማስ እስከ ሉሪን

ሴትየዋ በስልክ፣ ድምጿ እንደ ማህተም፦
«ደሞዙ ይኸው ነው፤ የሚጨመር የለም።
ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ሉሪን፣ ከመጋዘን፤
እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ ቁርጡን ይንገሩን።»

እኔም አወጣሁኝ የመብራት ደረሰኝ፣
ጀርባው ላይ ልደምር፣ ልቀንስ ዳዳኝ።

ከኮማስ ኮረብታ ቁልቁል በደረጃ፣
ሁለት መቶ አስራ አንድ፣ ቢሳሳትም እንጃ፤
ከዚያ ባለሦስት እግር፣ ከዚያ ትልቅ አውቶቡስ፣
ከዚያ ሌላ ሚኒባስ፣ ሉሪን እስክንደርስ።
ለመሄድ ሦስት ሰዓት፣ ለመመለስ ሦስት፣
ከደሞዙ ሲሶው ያልቃል በትራንስፖርት።
የቀረው ለውሃ፣ ለቦቴው ባለቤት፣
ለሩዝ፣ ለሲሊንደር፣ ለልጄ ትምህርት ቤት።
ተረፈ ከተባለ፣
አንድ ጥንድ ካልሲ አለ።

ስድስት ሰዓት በቀን፤ በወር ብደምረው፣
ስድስት ቀን ከነሌሊቱ ጎማ ላይ የማድረው።
ማሪቤልን ተኝታ ትቼ፣ ተኝታ አገኛታለሁ፤
ቁመቷን በአልጋዋ ርዝመት እለካለሁ።
ለዚህ ማን ይከፍላል? በየት አምድ ይገባል?
የደረሰኙ ጀርባ አልበቃኝም፤ ሞልቷል።

እኔ ኢላሪዮን፣ ባለ ሃምሳ ሁለት፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩ በማተሚያ ቤት፣
የፊደል ለቃሚ፣ ስህተት አዳኝ ሆኜ፣
ባለቀለም ጣቴን አምኜ፣ ዓይኔን አምኜ፤
አንድ ማክሰኞ ለት ሄድኩ ወደ ሥራዬ፣
በሩ ታሽጎ አገኘሁ፣ ቀረሁ ከነምሳዬ።

አሁን የመጣልኝ፦
የመድኃኒት ካርቶን እየተደረደረ፣
ቀን መለጠፍ ብቻ፤ መቼ እንደሚያበቃ፣ መቼ እንደጀመረ።
የፊደል ሰው ነበርኩ፣ ዕጣዬ ቁጥር ሆነ፤
የክኒን ማብቂያ ቀን በእጄ ተወሰነ።

ፍሎሬንቲኖ ሳቀ፦ «ሰው ጨረቃ ይደርሳል!
ለዚህች ብጣሽ ደሞዝ ማን እንቅልፉን ይሸጣል?»
አማቴ ግን አለች፦ «ከባዶ ይሻላል።»
ባዶን የሚያውቅ ሰው ሲናገር፣ ምን ይባላል?
ሚስቴ ኦርቴንሲያ ምንም አልተናገረችም።
የሰው ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ ቀና አላለችም።

ሐሙስ ሌሊት ዘጠኝ ተኩል፣ ለማንም ሳልናገር፣
ወጣሁ መንገዱን ልለካ፣ በቁመናው፣ እንደ ክር።
የሊማ ጭጋግ ነው፤ አይዘንብ፣ አያባራ፣
ኮቴን አረጠበው ጠብታ ሳያፈራ።
ረዳቱ ይጮሃል የሰፈሮቹን ስም፣
በአንድ ትንፋሽ ሃያ፤ አንዱም አይሰማም።
ቆሞ የሚያንቀላፋ አየሁ አንድ ግንበኛ፣
ጉልበቱ ብቻ የነቃ፣ ሌላው ሁሉ የተኛ።
አንዲት ሴት፣ ነጭ ጫማዋን በላስቲክ ጠቅልላ፣
ትከሻዬ ላይ አሸለበች፣ ራሷን ጥላ።
አልተንቀሳቀስኩም፤ ክንዴ ደነዘዘ፤
ይኼስ በየትኛው መዝገብ ላይ ተያዘ?

ሲነጋ በመስኮት ማስታወቂያ መጣ፣
የጎማ ጥገና፣ የዶሮ፣ የዕጣ፤
አንዱ ፊደል ዘሎ፣ አንዱ ፊደል ደግሞ፣
ግድግዳው ሲሳሳት ከዳር እስከ ዳር ቆሞ።
እርማቴን ጀመርኩኝ፣ በጥፍሬ፣ ባላበው መስታወት ላይ፤
አርባ አንድ ስህተት፣ ሉሪን እስኪታይ።
ማንም ሳይቀጥረኝ፣ ማንም ሳይከፍለኝ፣
በስድስት ወር ውስጥ ያኔ ነው ደስ ያለኝ።

የመጋዘኑን በር ነካሁት፤ ይቀዘቅዛል።
ዘበኛው ጠየቀኝ፦ «አባት፣ ማን ይጠራል?»
«ማንም» አልኩ። ሰዓቴን አየሁ። ተመለስኩ።
ሦስት ሰዓት ከሩብ፤ ሩቡን ያልቆጠርኩ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ለቀትር ሃያ ደቂቃ ቀርቷል።
ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እንደ አበዳሪ ተቀምጧል።
ኮቴን አነሳሁኝ፣ ገበሩን ዳበስኩት፤
አዲስ ኪስ አገኘሁ፣ እኔ ያላዘዝኩት፤
በግራ፣ ከጎን አጥንት ሥር፣ ስፌቱ የጠበቀ፣
የሌባ ጣት የማይገባው፣ የደርሶ መልስ ሳንቲም ያወቀ።

«ማን ስፊ አለሽ?» አልኳት። ካውያዋን ሳታቆም፣
«ቀዳዳ ነበረው» አለች። ቀዳዳ አልነበረውም።
እጄን ከተትኩበት፤ ባዶ ነው፣ ይሞቃል።
በሌላኛው እጄ ቁጥሩን መታሁ፤ ይጠራል።